በቆሎ፣ እሳትና አመድ፦ የፕሊመዝ ሰፋሪዎች የዕለት ኑሮ

ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ የማወራችሁ በ1620 ከእንግሊዝ ተነሥተው፣ አሁን ማሳቹሴትስ በሚባለው የባህር ጠረፍ ላይ ስለሰፈሩት ሰዎች ጓዳና ማሳ ነው። ስለ እምነታቸውና ስለ አስተዳደራቸው በየመድረኩ ብዙ ተነግሯል። እህሉን ማን ወቀጠው፣ እሳቱ ሌሊቱን እንዴት አደረ፣ ጣሪያው ለምን ተቃጠለ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የሰፈራው ዕጣ የተወሰነው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው ብዬ ስለማምን፣ ጊዜያችንን ለእነሱ እንስጥ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቀኖቹን ግን የምጠራው እንግሊዞች ያን ጊዜ ይሠሩበት በነበረው በአሮጌው የዩልዮስ ካላንደር ነው፤ ከዛሬው በ10 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል።

በአንድ ቅርጫት እንጀምር። ሜይፍላወር የተባለችው መርከባቸው 102 መንገደኞችን ይዛ ኖቬምበር 11 ቀን 1620 ኬፕ ኮድ ላይ መልህቋን ጣለች። ከአምስት ቀን በኋላ ለቅኝት የወጡ ሰዎች፣ በቅርቡ የሰው እጅ የደለደለው የሚመስል የአሸዋ ክምር አዩና ቆፈሩ። ከሥር ክብ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ ተጠንቅቀው የሠሩት ትልቅ ቅርጫት ወጣ። በውስጡ የዚያው ዓመት በቆሎ ነበረበት። 36 ያህሉ ሳይፈለፈሉ የተቀመጡ ዛላዎች ናቸው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ የተቀላቀለበትም አለ። ቅርጫቱን ከመሬት ለማንሣት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። እህሉ ኖሴት የተባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ የክረምት ቀለብና የመጪው ዓመት ዘር ነው። ሰዎቹ ወሰዱት። ዋጋውን በቀጣዩ ዓመት ለባለቤቶቹ ከፍለዋል፤ በወሰዱበት ቀን ግን ባለቤቱን የጠየቀ የለም፣ ስለዚህ ስርቆት ብለን ብንጠራው አንሳሳትም። ይህን በመጀመሪያ ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። በጸደይ የዘሩት በቆሎ የተገኘው ከዚሁ ነው። ከአገራቸው ያመጡት አተር መና እንደቀረ ስንሰማ፣ የዚህ ቅርጫት ክብደት ይገባናል።

ፕሊመዝ ብለው የሰፈሩበት ቦታም ባዶ ጫካ አልነበረም። ፓቱክሴት የሚባል፣ ዋምፓኖአግ የተባለው ነባር ሕዝብ መንደር ነበር። ከ1616 እስከ 1619 በጠረፉ የተዛመተ ወረርሽኝ ነዋሪውን ጨረሰው፤ የተመነጠረው ማሳ፣ ንጹሕ ውሃ የሚወርድበት ጅረትና ኮረብታው ቀሩ። ሰፋሪዎቹ የደረሱት የሌላ ሕዝብ እጅ ያዘጋጀው መሬት ላይ ነው።

የመጀመሪያውን የጋራ ቤት መሥራት የጀመሩት ዲሴምበር 25 ነው። ገናን እንደ በዓል ስለማያከብሩ ለእነሱ ተራ የሥራ ቀን ነበር። ቤቱ በየጎኑ 6 ሜትር ያህል ነው። ጃንዋሪ 14 ቀን የእሳት ፍንጣሪ በሣር ክዳኑ ላይ አረፈና ጣሪያው ነደደ፤ ከሥር ሕሙማን ተኝተዋል፣ የጎረሰ ጠመንጃም አጠገባቸው ነበር። ማገሩ ስለቆመ ቤቱን እንደገና ከደኑት።

በዚያ ክረምት ከመንገደኞቹ ግማሽ ያህሉ ሞቱ። በክፉው ጊዜ በቀን ሁለትም ሦስትም ሰው ይሞት ነበር፤ ሌላውን ለማስታመም የሚችሉት ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ነበሩ። ለምን ሞቱ? ባህሩ ዳር ዳሩን ጥልቀት ስለሌለው ጀልባዋ እስከ ደረቁ አትደርስም። ስለዚህ ሰዎቹ በበረዷማ ውሃ እስከ ጭናቸው ድረስ እየገቡ ይመላለሱ ነበር፤ ልብሳቸው እላያቸው ላይ ይደርቃል፣ ወይም በረዶ ሆኖ ይጋገራል። መኝታቸው ለብዙ ሳምንት እዚያው በመርከቧ እርጥብ ሆድ ውስጥ ነበር። ምግቡ ደግሞ ደረቅ ብስኩትና ጨው የበላው ሥጋ ነው፤ አትክልትና ፍራፍሬ ከቀመሱ ወራት አልፏቸዋል። የሳንባ ሕመም ከአንድ ወገን፣ ድድ የሚያደማውና አቅም የሚያሟጥጠው ስከርቪ ከሌላ ወገን መጡባቸው። በ1621 መኸር ከመጡት ሚስቶች በሕይወት የተገኙት አራት ነበሩ። ሱዛና ዋይት ባሏን በፌብሩዋሪ ቀበረች፤ ኤድዋርድ ዊንዝሎው ሚስቱን በማርች ቀበረ፤ በሜይ ሁለቱ ተጋቡ። ለእኛ ጥድፊያ ይመስለናል። እሷ ግን የሚጠባ ሕፃን አላት። እዚያ ቦታ አንድ ሰው ብቻውን እንጨት ፈልጦ፣ ማሳ ቆፍሮ፣ እህል ወቅጦ፣ ልጅ አሳድጎ ሊኖር አይችልም ነበር።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ምሶሶና ወራጁ ኦክ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ ግንድ ይጠረባል። በምሶሶዎቹ መካከል ቀጫጭን እንጨት ይጠላለፋል፤ ሸክላማ አፈር ከአሸዋና ከተከታተፈ ሣር ጋር ተቦክቶ ከውስጥም ከውጭም ይመረጋል። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ግድግዳ ለትውልድ ይተርፋል። በዚህ ጠረፍ ግን ዝናቡን ነፋስ ገፍቶ ከጎን ያመጣዋል። ጭቃው ውሃ ይጠጣል፤ ሌሊት ውሃው በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ቀን ይቀልጣል። ይህ በአንድ ክረምት ደጋግሞ ሲሆን ምርጉ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ስለዚህ ከውጭ በኩል በሳንቃ አለበሱት፤ የላይኛው ሳንቃ የታችኛውን ጫፍ እየደረበ ይመታል። ሳንቃውን በመጋዝ ከመሰንጠቅ ይልቅ ግንዱን በሽብልቅ በተፈጥሮ መስመሩ መፍለጥ ይመርጡ ነበር። ሥራው ይፈጥናል፣ ጭረቱም ስለማይቆረጥ ውሃ ቶሎ አይሰርግበትም። ችግሩ ጥድፊያው ነው። እንጨቱ እርጥብ ሳለ ከተመታ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በየመጋጠሚያው ቀዳዳ ይከፈታል፣ ነፋሱ ይገባል።

መስኮቱ መስታወት የለውም። ዊንዝሎው በዲሴምበር 1621 ለሚከተሏቸው ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ፣ ለመስኮት ወረቀትና የተልባ ዘይት፣ ለመብራት የጥጥ ፈትል ይዛችሁ ኑ ይላል። በዘይት የተነከረ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል፣ ነፋስ ይከለክላል።

ከሁሉም የሚያሰጋው የጭስ ማውጫው ነው። የድንጋይና የጡብ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ እሱንም በእንጨት አዋቅረው ከውስጥ ጭቃ ይመርጉታል። እሳቱ ጭቃውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ ቁራጩ ይወድቃል፤ ከዚያ እንጨቱ ራቁቱን ለነበልባል ይቀራል። በየጊዜው እየታየ ካልተመረገ መጨረሻው የታወቀ ነው። በኖቬምበር 1623 በብርድ ምሽት መርከበኞች ትልቅ እሳት አነደዱ። እሳቱ ከጭስ ማውጫው ወጥቶ ሣር ክዳኑን ያዘ፤ ሦስት ወይም አራት ቤት ከነንብረቱ ወደመ። ቦስተን በ1631 የእንጨት ጭስ ማውጫንና የሣር ክዳንን የከለከለችው በእንዲህ ያለ ፍርሃት ነው፤ ፕሊመዝም ሣር ክዳንን ከልክላለች።

አሁን ወደ በቆሎው። ይህን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ጠቅላላው ኑሮ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነውና።

ያስተማራቸው ቲስኳንተም ነው፤ የዚያው የፓቱክሴት ሰው። በ1614 ቶማስ ሃንት የተባለ እንግሊዛዊ ካፒቴን አፍኖ ወደ ስፔን ወሰደው። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ቋንቋውን ለመደ፤ በ1619 አገሩ ሲገባ መንደሩ በሙሉ አልቆ አገኘው። በማርች 1621 ሰፋሪዎቹ ዘንድ መጣ፤ በዚያው ሰሞን የዋምፓኖአጉ መሪ ኦሳሜክዊን፣ በማዕረግ ስሙ ማሳሶይት፣ ከእነሱ ጋር የሰላም ውል አሰረ።

አተካከሉ እንዲህ ነው። በሬም ማረሻም ስለሌለ መሬቱ ሙሉ በሙሉ አይገለበጥም። በየ1.2 ሜትሩ ገደማ በዶማ ጉድጓድ ይከፈታል። ሁለት ወይም ሦስት ዓሣ ይቀበርበታል፤ በጸደይ ለመራባት ከባህር ወደ ጅረቱ በገፍ የሚወጣው የሄሪንግ ዘመድ ነው። ከላዩ አፈር ተመልሶ አራት ያህል የበቆሎ ፍሬ ይዘራል። ከዚያ ጥበቃ ይመጣል። ዓሣው እስኪበሰብስ ለሁለት ሳምንት ያህል ሌሊት ሌሊት ካልተጠበቀ ተኩላ እየቆፈረ ያወጣዋል፣ ዘሩም አብሮ ይበተናል። ቡቃያው ከፍ ሲል ይኮተኮታል፣ አፈሩ ወደ ግንዱ ይከመራል፤ ይህ ሥሩን ያጸናዋል፣ ነፋስ እንዳይጥለው። ቀጥሎ አደንጓሬ ይዘራል፣ አገዳውን ተንተርሶ ይወጣል። አደንጓሬው ከበቆሎው እኩል ከተዘራ ገና ያልጠናውን አገዳ ጎትቶ ይጥለዋል፤ ስለዚህ መዘግየት አለበት። በመካከል ዱባ ይሳባል፤ ሰፊ ቅጠሉ አረምን ያፍናል፣ እርጥበትንም ይይዛል።

በ1621 የተከሉት በቆሎ 20 ኤከር፣ ማለትም 8 ሄክታር ያህል ነበር። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በ1.2 ሜትር ርቀት አንድ ኤከር 2,700 ያህል ጉድጓድ ይይዛል፤ 20 ኤከር 54,000። በየጉድጓዱ 3 ዓሣ ብንል 162,000 ዓሣ ይሆናል። አንዱ ዓሣ 200 ግራም ቢመዝን ከ32,000 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ቁጥሩ በርቀቱና በዓሣው ብዛት ከፍና ዝቅ ይላል፤ የሥራው ስፋት ግን በዓይን ይታያል። ይህ ሁሉ በቅርጫትና በትከሻ ነው የተጓጓዘው። በሕይወት የቀሩት ደግሞ ሕፃናትን ጨምሮ 50 ገደማ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከበሽታ ገና የተነሡ።

ከበቆሎው ጎን 6 ኤከር ገብስና አተር ዘርተው ነበር። ገብሱ መጠነኛ ነበር። አተሩ በደንብ በቅሎ አበበ፤ አበባው ላይ እያለ ፀሐይ አደረቀው፣ ለመሰብሰብም አልበቃ። በቆሎው ግን ጥሩ ሰጠ። በዚያ መኸር ለሦስት ቀን በተደረገው ድግስ ማሳሶይት 90 ሰዎች አስከትሎ መጣ፤ አምስት አጋዘንም ታድኖ ቀረበ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በኖቬምበር ፎርቹን የምትባል መርከብ 35 አዲስ ሰዎችን ያለ ስንቅ አራገፈች፤ የሁሉም ቀለብ በግማሽ ተቀነሰ።

ዊንዝሎው ያን ደብዳቤ የጻፈው በዚህ ጊዜ ነው። ምክሮቹ የመከራ ዋጋ የተከፈለባቸው ናቸው። ዱቄታችሁን በበርሜል ውስጥ በደንብ ርገጡት፣ ለማውጣት መጥረቢያ እስኪያስፈልግ ድረስ ይጠንክር ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ላላ ያለ ዱቄት የባህሩን እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝ ይገባዋል፤ የተጠቀጠቀው ግን ከዳር ጥቂት ቅርፊት ቢበላሽ መሀሉ ደህና ይቆያል። የውሃና የቢራ በርሜሎች የብረት ቀለበት ይኑራቸው፤ የሎሚ ጭማቂ ይዛችሁ በባዶ ሆድ ጠጡ፤ በእኛ እህል ብዙ አትተማመኑ ይላል።

በቆሎው ከገባ በኋላ ያለው ሥራ የሴቶችና የልጆች ነው፤ ከማሳው ሥራ አያንስም። ፕሊመዝ በውሃ የሚሠራ ወፍጮ ያገኘችው በ1630ዎቹ ነው። እስከዚያ ግን መሣሪያው ሙቀጫና ዘነዘና ነበር። ሙቀጫው የተፈለፈለ የዛፍ ግንድ ነው፤ ዘነዘናውን አንዳንዴ ከላይ ከታጠፈ ለጋ ዛፍ ጫፍ ያንጠለጥሉታል፣ ሲወርድ በሰው ጉልበት፣ ሲነሣ በዛፉ ጉልበት። እህሉ ቀድሞ በውሃ ይርሳል፤ ደረቁን ቢወቅጡት ፍሬው ይፈናጠራል፣ ቅርፊቱም አይለቅም። ከተወቀጠ በኋላ ይነፋል። ደቃቁ ለገንፎና ለቂጣ፣ ሸካራው ደግሞ ሳምፕ ለሚሉት ይውላል፤ ከቅንጬ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሳምፕ ለሰዓታት በቀስታ ይበስላል፣ ወተት ከተገኘ በወተት ይበላል። ሌላው መንገድ ሙሉውን ፍሬ በአመድ ውሃ መቀቀል ነው። የአመዱ ኃይል ቅርፊቱን ይልጠዋል፤ ከዚያ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ካልታጠበ አፍ ያቃጥላል። ይህ አሠራር የነባሩ ሕዝብ ዕውቀት ነው፤ በበቆሎው ውስጥ የታሰረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ሰውነት እንዲያገኘው ያደርጋል። በሌላው ዓለም በቆሎን ያለዚህ ዘዴ ዋና ምግባቸው ያደረጉ ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ ተሠቃይተዋል።

እንግሊዛዊቷ ሴት የተቸገረችው በዳቦው ነው። በቆሎ ሊጡን ለጥጦ አየር የሚይዝለት ግሉተን የለውም። እርሾ ቢገባበትም አይነፋም፤ ሲጋገር ይሰነጠቃል፣ ሲበርድ ይፈረፈራል። መፍትሔው ራይ የሚባለው የስንዴ ዘመድ በብዛት መመረት ሲጀምር መጣ፤ ሁለቱን ዱቄት ቀላቅሎ ከባድ ጥቁር ዳቦ መጋገር። እስከዚያ ግን የዕለት ምግቡ ገንፎና በአመድ ዳር የተጋገረ ቂጣ ነበር።

ድስቱ የሚሰቀለው በጭስ ማውጫው ውስጥ አግድም ከገባ እርጥብ እንጨት ነው። እርጥብ መሆኑ ቶሎ እንዳይቃጠል ነው። ግን ከእሳቱ በላይ ሆኖ ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይከስላል፤ ሳይለወጥ ከቆየ አንድ ቀን ይሰበርና የፈላውን ድስት ከነምግቡ ምድጃው ዳር በተቀመጠው ልጅ ላይ ይደፋዋል። ጠንቃቃ የቤት እመቤት እንጨቱን እየነካች ትፈትሸው ነበር።

ክብሪት የለም። ሌሊት ፍሙ በአመድ ይዳፈናል። አመዱ ሲሳሳ ፍሙ ነዶ ያልቃል፤ አየር ጨርሶ ካጣ ደግሞ ይጠፋል። ጠዋት የጠፋበት ሰው ልጁን ፍም እንዲያመጣ ጎረቤት ይልካል፤ ካልሆነ ባልጩትና ብረት አጋጭቶ በከሰለ የተልባ ጨርቅ ላይ ፍንጣሪ መያዝ አለበት። ጨርቁ ጥቂት እርጥበት ከነካው አይዝም። ኒው ኢንግላንድ በሚባለው በዚህ አካባቢ አንድ ቤተሰብ በዓመት ከ30 እስከ 40 ኮርድ ማገዶ ይፈጅ ነበር ተብሎ ይገመታል፤ አንዱ ኮርድ 3.6 ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ ከ100 ሜትር ኩብ በላይ ነው። ሙቀቱ አብዛኛው በሰፊው ጭስ ማውጫ ሽቅብ ይሄዳል፤ ሰው ፊቱ ሲለበለብ ጀርባው ይቀዘቅዛል። ለመብራት ደግሞ ድሃው ሙጫ ካለው ጥድ የተሰነጠቀ ስንጥር ያበራል፣ እንደ ችቦ። ይጨሳል፣ ያንጠባጥባል፤ ግን በነፃ ይገኛል። የሞራ ሻማ ከብት እስኪበዛ መጠበቅ ነበረበት።

አመዱም አይጣልም። ሥሩ የተበሳ በርሜል ውስጥ ድንጋይና ገለባ ይነጠፋል፣ ከላዩ የጠንካራ እንጨት አመድ ይጠቀጠቃል፤ የጥድ አመድ ደካማ ነው። ውሃ ሲፈስበት ቡናማ ፈሳሽ ከሥር ይንጠባጠባል። ጥንካሬው በእንቁላል ይለካል፤ ተንሳፍፎ ጀርባው እንደ ትንሽ ሳንቲም ያህል ብቅ ካለ ልክ ነው። ከሰጠመ ፈሳሹ ቀጥኗል፣ ሳሙናው አይያዝም፤ በጣም ከተንሳፈፈ ቆዳ ይልጣል። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ሲሠራበት የኖረ አንድ ልክ ለአንድ በርሜል ሳሙና 6 ቡሽል አመድና 24 ፓውንድ ስብ ይላል፤ አመዱ ከ200 ሊትር በላይ፣ ስቡ 11 ኪሎ ያህል ነው። የሚወጣው ለስላሳ ዝልግልግ ሳሙና ነው፤ የእንጨት አመድ ፖታሽ እንጂ ሶዳ ስለማይሰጥ። ስቡ ከጨዋማ ሥጋ የተጠራቀመ ከሆነ ጨው ሥራውን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ቀድሞ በውሃ ፈልቶ ይጣራል።

ስንዴን ማንሣት አለብኝ፤ የእኛ አገር ገበሬ የሚያውቀው ጠላት እዚህ አለና። ሰፋሪዎቹ አቅማቸው ሲጠና ስንዴ በሰፊው ዘሩ። ከ1660ዎቹ ጀምሮ ግን ዋግ አዳረሳቸው፤ አገዳው ዝገት የመሰለ ዱቄት ለበሰ፣ ፍሬው ተጨማደደ። ዋጉ ግማሽ ሕይወቱን የሚኖርበትን ባርበሪ የተባለ እሾሃማ ቁጥቋጦ ከአውሮፓ ያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ፍሬውን ለማርማላታ፣ ተክሉን ለአጥር ብለው። ገበሬዎቹ የበሽታውን ሥር በማይክሮስኮፕ ሳያዩ፣ ባርበሪ አጠገብ ያለው ማሳ ቀድሞ እንደሚታመም አስተዋሉ። ኮነቲከት በ1726 ቁጥቋጦው እንዲነቀል የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ተመልክቶ መረዳት ማለት ይህ ነው፤ እኔ በጣም አደንቃቸዋለሁ።

የከብቱ ነገር ሁለት ገጽ አለው። አሳማ በፍጥነት ይራባል፣ ጫካ ተለቆ ራሱን ይቀልባል፤ ለሰፋሪው ትርፍ ነው። ለዋምፓኖአጉ ግን ጥፋት ነበር። አሳማ አጥር የሌለውን የበቆሎ ማሳ ይገለብጣል፣ የጎተራ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ባህሩ ሲሸሽ ወደ ዳርቻው ወርዶ ሴቶች ለምግብ የሚለቅሙትን ዛጎል ለበስ እንስሳ ከአሸዋ እየነቀለ ይበላል። እንግሊዞቹ ማሳችሁን እጠሩ ሲሉ፣ እነዚያ ከብታችሁን ያዙ ይሉ ነበር። በኋላ በሁለቱ መካከል ብዙ ደም ያፈሰሰው ጠብ ከዚህም ጭምር ነው የተጠራቀመው።

ላም የመጣችው በ1624 ነው፤ ዊንዝሎው ከእንግሊዝ ሦስት ጊደርና አንድ ኮርማ ይዞ ተመለሰ። እስከዚያ አራት ዓመት ገደማ ያደጉት ልጆች የላም ወተት አያውቁም። በሜይ 1627 የጋራ የነበሩት ከብቶች ሲከፋፈሉ፣ 156ቱ ሰው 13 እየሆነ በ12 ምድብ ተደለደለ፤ ሕፃኑም እንደ አዋቂው አንድ ድርሻ ተቆጠረለት። ለመጀመሪያው ምድብ የደረሱት ጃኮብ በምትባለው መርከብ ከመጡት አራት ጥቁር ጊደሮች ትንሿና ሁለት እንስት ፍየሎች ነበሩ። የእነዚህን ወተት ነው 13 ሰው የሚካፈለው።